ምስጢር ፈላጊዋ ልጃገረድና የሶለል ደስታ

(የጎብዬና የአካባቢዋ ተወላጆች በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ካደረግነው ንግግር)



ስለ አንዲት የልብ ወለድ ልጃገረድ ልንነግራችሁ ቆመናል። ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም ወደ አገራችን ወደ ጎብዬ የሚያደርሰን ስለ ሆነ በትዕግሥት ስሙን።

ናንሲ ድሩ የምትባለው ወንጀል መርማሪ ልጅ በአሜሪካ ለንባብ የበቃችው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። በሽፋኑ ላይ ያለው ካሮሊን ኪን የሚለው የብዕር ስም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት የጻፈችው ሚልድረድ ዊርት ቤንሰን ነበረች። ያን ጊዜ ናንሲ የ16 ዓመት ልጅ ናት። ጨለማ ቤትና ስውር ደረጃ ሳያስፈራት የጠፋ ኑዛዜ ትፈልጋለች፤ ለትልልቆቹም መልስ አታጣም።

ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አሳታሚዎቹ መጻሕፍቱን እንደ ገና አስጻፏቸው። ምዕራፎቹ ከ25 ወደ 20 ዝቅ አሉ፤ ዕድሜዋ 18 ሆነ፤ ጥቁሮችን የሚያንቋሽሸው አነጋገር ተሰረዘ፤ ቆየት ብሎም ሽፋኑ በቢጫ ቀለም ደመቀ። ስድቡ መሰረዙ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን አልሸሹም ዞር አሉ እንደሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ጥቁሮቹ ሰዎች ራሳቸው ከታሪኩ እንዲወጡ ተደረገ፤ ልጂቱም ከፊተኛዪቱ ይልቅ ጭምት ሆነች። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ጨለማው ሲነሣ ድፍረቱም አብሮ መነሣት ነበረበትን?

በእኛ አገር ለዚህ መልስ የምትሰጠን የሶለል ልጃገረድ ናት። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶች ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ ተኩለውና አምረው ይጫወታሉ። ይህ ደስታ ግን ከፍለጋ የመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቶማስ ስለ እመቤታችን ጠየቀ፤ መቃብሩ ቢከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ሐዋርያትም በዓመቱ እስኪያዩ ድረስ ሱባዔ ያዙ። ስለዚህ በዓላችን ጥያቄን አስቀድሞ ደስታን የሚያስከትል ነው።

ጨለማውንም እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. ሶለል በዋለ በ2ኛው ቀን፣ ነሐሴ 18፣ በቆቦ አካባቢ ጦርነቱ እንደ ገና ተቀሰቀሰ። ከዚያ ወዲህ «ልጆቹ ይጫወቱ እንጂ ያለፈውን አታንሡባቸው» የሚለን ሰው አለ። ይህን የሚለው በርኅራኄ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ትምህርቷ የተቋረጠባት ልጅ ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ሳለ፣ ቀድማ የታጨችም እንዲሁ።

ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት «ጥበብ ገርልስ» የተባለው የካርቱን ፊልም መንገዱን ያሳያል። ሦስት ልጃገረዶች በደማቅ ቀለም አጊጠው ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለውን ጎጂ ልማድ ይታገላሉ። ቀለሙ ጥያቄያቸውን አልሰረዘባቸውም።

ስለሆነም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በክረምት ወደ ጎብዬ ስንመለስ መጻሕፍትና ደብተር ይዘን እንሂድ። ከሶለል በፊት ባሉት 15 ቀናት ከእኅቶቻችን ጋር እናንብብ፤ ያዩትንና የሚጠይቁትንም ራሳቸው ይጻፉት። በ16ኛው ቀን ሲጨፍሩ፣ ደስታቸው የረሳ ሰው ደስታ ሳይሆን የጠየቀ ሰው ደስታ ይሆናል።