ልጃችንን ያላዘዝንበት ዓመት

(አሰላ፣ በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ሌላውም ሰው እንዲበረታታ ስለ ጉዲፈቻ ተናገሩልን» ስንባል እሺ አልን። ወረቀት ይዘን ስንቀመጥ ግን የጻፍነው ሁሉ የራሳችን ደግነት ሆነብን። አራት ገጽ ሙሉ! አንብበን አፈርንና ቀደድነው። ስለዚህ ዛሬ የምናወራችሁ ባብዛኛው ስለ ዕቃ እጥበት ነው።

«እኛ» የምንለው ልጅቷን ያሳደገው አንድ ሰው ስላልሆነ ነው። እናት አለች፤ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ደረሰኝ ጠፍቶባችሁ የምትጨቃጨቁት ከእሷ ጋር ነው። አባት አለ፤ መምህር ነው። ከሳጉሬ አለፍ ብሎ ደጋው ላይ ደግሞ የልጅቷ አያት አሉ። ልጃችን አኮ ትላቸዋለች፣ እኛም አኮ እንላቸዋለን። የልጃችንን ስም እዚህ አንጠራም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከዚሁ ከአገራችን ከኦሮሞው የወጣ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ለራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው። በባህሉ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ በአሳዳጊው አባት ስም ይጠራል፤ ከአብራክ ከተወለደው እኩል ይወርሳል፤ በኋላ የሥጋ ልጅ ቢወለድ እንኳ ቦታውን አይነጠቅም። አማርኛው ቃሉን እንዳለ ወስዶ የሕግ ቃል አድርጎታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ለማንኛውም ጉዳይ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር ይናገራል፤ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም ይላል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ «ማን ያሳድጋቸው?» ሲባል ጣቱ የሚያመለክተው እኛኑ ነው። ኦሮሚያም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የእኛም ጉዳይ ያለቀው ፍርድ ቤት ቀርበን ነው።

ልጃችን ወደ እኛ ስትመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ አርፋለች። አኮ ብቻቸውን ያሳድጓት ነበር፤ ጉልበታቸው እየደከመ ሲሄድ በዘመድ በኩል ተገናኘን። አኮ የጠየቁን ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ እሳቸው ያወጡላት ስም እንዳይቀየር፤ ሁለተኛው፣ ልጅቷ እሳቸውን እንዳትረሳ። የአባት ስሟ የእኛ ሆነ፣ የራሷ ስም እንዳለ ቀረ። በዚህ በኩል ተቸግረን አናውቅም። የተቸገርነው በሌላ በኩል ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ልጅ ማሳደግ ሳይሆን እንግዳ መቀበል ነበር። ቅቤ ያለበት ገንፎ ለእሷ። አዲስ ጋቢ ለእሷ። ምሳ ስንበላ የሷ ሰሐን ቀድሞ ይሞላል። ማታ አልጋዋን ስናነጥፍ ግን ከትራሷ ሥር ቂጣ እናገኝ ነበር፤ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንዳንዴ የደረቀ። ምንም ሳንል መልሰን እናስቀምጠዋለን። ሌላ ምን ይደረጋል?

አንድ ነገር እንናዘዝ። የእናትየዋ የሙያ በሽታ ነው መሰለን፣ የልጅቷ ወጪ ለብቻው ደብተር ነበረው። ጫማ ይህን ያህል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ይህን ያህል፣ መድኃኒት ይህን ያህል። አምዱም ድምሩም የተስተካከለ ነው። አንድ ቀን አባትየው ደብተሩን አገላብጦ «የኔ ወጪ የተጻፈበትስ የት ነው?» አለ። የእሱ የለም። የእናትየዋም የለም። እኛ በቤት ወጪ ውስጥ ነን፤ እሷ ብቻ ለብቻዋ ተመዝግባለች። ለጋሽ በዓላማ ለይቶ የሰጠው ገንዘብ እንዲህ ነው የሚያዘው፤ ለምን ላይ እንደዋለ ለሌላ ሰው መልስ የሚሰጥበት። ለማን ልናቀርብ ኖሯል? በዚያው ሳምንት ደብተሩን ዘጋነው።

እጥበቱ ጋ ደረስን።

ልጃችን ስድስት ዓመት ሊሞላት ሲል ቤታችን ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። ልጅቷ ማንም ሳያዛት ስኒዎቹን ሰብስባ ጓሮ ወስዳ ማጠብ ጀመረች። አንዲት እንግዳ አየቻትና «ከገጠር ያመጣችኋት ልጅ ጎበዝ ናት፤ ለእኔም እንደሷ ያለች ፈልጉልኝ» አለች። ክፋት አልነበራትም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በእኛ ከተማ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ከደጋው «ትማርላችሁ» ተብላ መጥታ ጀሪካን ስትሸከም፣ ልጅ ስታዝል፣ እንጀራ ስትጋግር የምታድግ ልጅ በየሰፈሩ አለች። ዘመድ ትባላለች፣ አንዳንዴም «የጉዲፈቻ ልጃችን» ትባላለች፤ ደብተሯ ግን ባዶ ነው። ሕጉ ራሱ ይህን ያውቀዋል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ አይፈርስም ካለ በኋላ፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ግን ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው ይችላል ይላል። ሕግ አውጪዎቹ እንዲህ ያለ ቤት ባያውቁ ኖሮ ይህን ባልጻፉ ነበር።

እኛ ግን የእንግዳዋን ቃል እንደ እሳት ፈራነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃችን ዕቃ እንዳትነካ ከለከልናት። ስኒ ስታነሳ «ተይው፣ እኔ አጥባለሁ» እንላለን። ሱቅ ስንልክ የጎረቤት ልጅ እንልካለን። መጥረጊያ ስትይዝ እንቀማታለን። ሰው እንዳያማን ብለን ነው። ፍቅር ይመስለን ነበር። ይህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆየ።

ከአጥራችን ወዲያ የእሷ እኩያ የሆነች ልጅ አለች። እናቷ ከጠዋት እስከ ማታ ስትጠራት እንሰማለን። «ነይ ሽንኩርት ላጪ! ነይ ይህን ለእቴቴ አድርሺ! የት ሄደሽ ነው?» ልጅቷ እያጉረመረመች ትሄዳለች። ልጃችን በአጥሩ ቀዳዳ ታያታለች። እኛ መጫወት አምሯት ነው ብለን ነበር።

አንድ ማታ፣ ሐምሌ ነበር፣ ጭላሎ በጉም ተሸፍኖ ከሰነበተባቸው ቀናት በአንዱ፣ እሳት ከበን ቆሎ እየበላን «እኔን ለምንድን ነው የማትጠሩኝ?» አለች።

«የት ነው የምንጠራሽ?»

«ለሥራ።»

ሳቅን። ልጅ ሥራ አምሯት አያውቅም አልን። እሷ አልሳቀችም። ቆሎውን መልሳ ሰሐኑ ላይ አደረገችና «ልትመልሱኝ ነው?» አለች።

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። አንዳችን «መልሰን አንሰጥሽም ብለን እንንገራት» ስንል ሌላችን «ነግረናታል እኮ» እንላለን። ነግረናታል፤ ፍርድ ቤት ሳይቀር ነግረናታል። ግን በዓመቱ ውስጥ በየቀኑ የምታየው ሌላ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አኮ መጡ። ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ በፈረስ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ከመናኸሪያ በጋሪ። ጭኮና በሶ ተሸክመዋል። ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ «ውሃ አምጪልኝ» አሏት። አመጣች። «ቀዘቀዘ፣ አሙቂው።» አሞቀች። «እግሬን እጠቢኝ።» አጠበች። «ያን በርጩማ አቅርቢ። ይህን ጭኮ ለጎረቤት አድርሺ፤ ለሁለቱ ቤት፣ እኩል እኩል።» ልጅቷ ስትሮጥ ያየናት ያን ቀን ነው። ከሄደች በኋላ ነገሩን ሁሉ ለአኮ ነገርናቸው፤ የእንግዳዋን ቃልም፣ የሐምሌውን ማታም። አኮ ብዙ አይናገሩም። «የማይታዘዘው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል» አሉን፤ በኦሮምኛ ነው ያሉት፣ በአማርኛ እንዲህ ቢባል ነው የሚቀርበው።

ስለዚህ ማዘዝ ጀመርን። እንደምታስቡት ቀላል አልነበረም። ሰው የራሱን ልጅ ሲያዝ አያስብም፤ እኛ ግን እያንዳንዱን ትእዛዝ እንደ ቫውቸር ሦስቴ እንፈትሸው ነበር። ይህ ለዕድሜዋ ይመጥናል? እኛ ራሳችን በስድስት ዓመታችን ሠርተነዋል? የሥጋ ልጅ ብትኖረን እናዛት ነበር? ሦስቱም አዎ ከሆነ እናዛለን። ውሃ በጀሪካን፣ አይሆንም። ከትምህርት ሰዓት የሚሻማ ሥራ፣ አይሆንም። የእራት ሰሐን፣ ይሆናል፤ በተራ፤ አባቷም ተራ አለው። ከተራው አንዷን ቀን እየሸሸ መሆኑን እዚህ በሰው ፊት ብንናገርበት ደስ ይለናል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ስኒ ሰበረች። ሁለተኛውን ስትሰብር ተቆጣናት። ድምፃችን ከፍ ብሎ ሲወጣ እኛው ራሳችን ደነገጥን፤ ከመጣች ጀምሮ ተቆጥተናት አናውቅም ነበርና። አለቀሰች። ቀጥላ «አንደኛውን እኮ የሰበራችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አይደለሁም» ብላ ተከራከረችን። እውነቷን ነበር።

ቂጣውን ከትራስ ሥር መደበቅ መቼ እንዳቆመች አናውቅም። አንድ ክረምት መውጫ ላይ ፍራሽ ለፀሐይ ስናወጣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ቁራሽ ወደቀ። እሷም አየችውና «ይሄ ምንድን ነው?» አለችን።

አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ሁሉ ተስተካከለ አንልም። ባለፈው ዓመት በቴሌቪዥን ተጣልተን «አንቺ እናቴ አይደለሽም፤ አኮ ጋ እሄዳለሁ» አለች። ይህ ቃል አንድ ቀን እንደሚመጣ እናውቅ ነበር፤ ብናውቅም ሆድን ይቆርጣል። «ቅዳሜ እናደርስሻለን፤ ዛሬ ግን የሰሐኑ ተራ የአንቺ ነው» አልናት። ሰፈሩ እስኪሰማ እያንኳኳች አጠበች። ቅዳሜ ወሰድናት። አኮ በጠዋቱ ውርጭ ኩበት አስለቀሟት። እሑድ ማታ ስትመለስ እጇ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ቅባት እየቀባናት አኮ በልጅነታቸው ስላሳደጉት ጥጃ ስታወራን አመሸች። አሁን ትምህርት ሲዘጋ ሁሉ ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ እንዳትቀርብን ፈርተን ነበር። አኮ ግን እሷን ብቻ ሳይሆን እኛንም እያሳደጉን ነው።

አሁን ለእናንተ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛው ለአባላት ነው። በልጅቷ ፊት «ጽድቅ ሠራችሁ» አትበሉን። ንግግሩ ለእኛ ምርቃት ነው፣ ለእሷ ግን የዕዳ ደረሰኝ ነው። የእናንተን ልጆች ስለወለዳችሁ ማንም «ጽድቅ ነው» አይላችሁም። «ልጃችሁ አደገች፣ ረዘመች፣ ከሳች፣ አስቸገረች» በሉን፤ ይበቃናል። በቤታችሁም ከዘመድ የመጣች ልጅ ካለች፣ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች አንድ ማታ ለራሳችሁ ጠይቁ። እኛ ስለ ሥራ ብቻ ነው የጠየቅነው፤ ስለ ደብተርም ይሠራል።

ሁለተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው፤ እንዳትቀየሙን። አንድ ጊዜ እንግዳ ቤታችን መጥቶ ካሜራ አውጥቶ ልጃችንን «ከዚህ በፊት ሕይወትሽ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ምን እንዲመልስለት እንደፈለገ እኛ ገባን፤ እሷም ሳይገባት አልቀረም። ትንሽ አስባ «ብርድ ነበር፤ ጭኮ ነበር» አለችው። ፎቶውን ከልክለናል። ድጋፋችሁ ለማኅበሩ ቁጠባና ብድር ሲሰጥ ሒሳቡን እስከ ሳንቲሟ እናቀርባለን፤ ሪፖርት የምትሠራውም ይህችው እናት ናት። የልጅ ታሪክ ግን የሪፖርቱ አባሪ አይደለም። ታሪኩ የራሷ ነው፤ አድጋ ልትናገረው ብትፈልግ ትናገረዋለች፣ ባትፈልግ ይቀራል። ስሟን ያልጠራነው ለዚህ ነው።

ብዙ አቆየናችሁ፤ የቡናው ሽታም ደርሷል። ከኋላ በረከቦቱ ዙሪያ ስኒ ይዘው ከሚሯሯጡት ልጆች አንዷ እሷ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አትጠይቁን። ስኒያችሁን ስትመልሱላቸው ብቻ ቀስ በሉ፤ ግማሾቹ የተውሶ ናቸው።