ፓስፊክ ሲቀዘቅዝ፣ ባሮ ሲሞላ

(የዝናብ ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የባሮ ወንዝ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማን አጥለቀለቀ። ውሃው የመጣው ከደጋው ነው። በመቱ አካባቢ የሚያልፈው የሶር ወንዝ ወደ ገባ ወንዝ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል። መቱ ባለችበት በኢሉባቦር የጣለው ዝናብ ጋምቤላ ሜዳ ላይ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

መቱና ጎሬ በአገሪቱ እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ከተሞች መካከል ናቸው። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ከተራራው ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይቀዘቅዛል፤ ደመና ሠርቶ ይዘንባል።

ታዲያ ዝናቡ በአንዳንድ ዓመት ለምን ይበረታል?

አንዱ መልስ ያለው ከፓስፊክ ውቅያኖስ ነው። ጎርፉ በደረሰበት ዓመት ላ ኒና ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ቀጥሎ ነበር። በላ ኒና ጊዜ በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የመካከለኛውና የምሥራቅ ፓስፊክ ውሃ ከወትሮው ይቀዘቅዛል፤ የንፋሱ ዑደት ይለወጣል፤ የኢትዮጵያ የክረምት ዝናብም ብዙ ጊዜ ይጠናከራል። ኤል ኒኖ ግን ተቃራኒውን ያመጣል፤ በ2007 ክረምት ሰሜንና ምሥራቅ ኢትዮጵያን ድርቅ የመታው በእርሱ ጊዜ ነበር።

ላ ኒና ለሁሉም ዝናብ አያመጣም። በእነዚያው ዓመታት ቦረናና ሶማሌ ክልል የበልግና የበጋ መግቢያ ዝናብ ተከታትሎ ቀርቶባቸው ከብት አለቀ።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምት ከመግባቱ በፊት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ከመደበኛ በላይ ዝናብ ሲያመለክት መልእክቱ ከመቱ አልፎ በባሮ ዳርቻ ለሚኖሩትም በጊዜ መድረስ አለበት።