ለጌም የሚሆን ያገለገለ ዴስክቶፕ ስትገዙ

በዴሳ ሆናችሁ ፊፋና ጂቲኤ የሚያጫውት ዴስክቶፕ በአቅማችሁ ከፈለጋችሁ፣ ሶዶም ሄዳችሁ ከመርካቶም አስመጥታችሁ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ ቢሮ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ነው። ጥሩ ምርጫ ነው፤ ግን ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ሲላችሁ ሙሉ ቁጥሩን ጠይቁ። 6500 ከሆነ ስድስተኛ ትውልድ ነው፣ ባለ አራት ኮር። 8500 ከሆነ ስምንተኛ ነው፣ ባለ ስድስት ኮር። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ከኢንቴል ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበለው ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለው ነው። ስለዚህ ትንሽ ጨምራችሁ ስምንተኛውን ውሰዱ።

ግራፊክስ ካርድ ከሌለው፣ ከአንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ሁለት ባለ 4 ይሻላል፤ ምስሉን የሚሠራው ክፍል ከራሙ ስለሚበደር፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ጌሙ ያን ያህል አይንቀራፈፍም። ካርድ ወደፊት ለመጨመር ካሰባችሁ ቀጭኑን ኬዝ ተዉት፤ አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚገባው። መብራት ሲቆራረጥ የሚያተርፈውን ዩፒኤስም ከበጀታችሁ አታውጡት።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተጫወቱበት፤ በመሃል ራሱን ካጠፋ ሌላ አስመጡ።