ቅቤውን እናሸታለን፤ ክሬሙንስ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ደብረ ብርሃን፣ ከብድር ኮሚቴው አባላት በአንዷ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ዛሬ እንድናገር ያዘዘኝ በአንድ ምክንያት ነው። በዚህ ዙር ከቀረቡልን የብድር ጥያቄዎች ሁለቱ የኮስሞቲክስ ሱቅ ለመክፈት፣ አንዱ ደግሞ የፀጉር ቤት ለማስፋት ነው። ሦስቱም ጠያቂዎች ቁጠባቸውን ሳያቋርጡ የቆዩ፣ የቀድሞ ብድራቸውን በጊዜው የመለሱ አባላት ናቸው። ሥራውም የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ሊገዙ ካሰቡት ዕቃ ውስጥ ፊት የሚያቀላ ክሬም አለ፤ ምንም ያልተጻፈበት በፕላስቲክ ዕቃ የሚመጣ ቅይጥ ቅባትም አለ። ገንዘቡ የሁላችን ነው። በሁላችን ገንዘብ የሚገዛ ነገር ውስጡ ምን እንዳለ የመጠየቅ መብት አለን፤ ግዴታም አለብን። በመድኃኒት ቤት ዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጠየቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከመካከላችን የሸኖ ቅቤ ነው ስለተባለች ብቻ ሳታሸት የምትገዛ ማን ናት? ከላዩ አናምንም፤ ከሥሩ እናስወጣለን፣ እናሸታለን፣ መዳፋችን ላይ አድርገን እናሻለን። በርበሬ ስንገዛ ሸክላ አብሮ ተፈጭቶ እንዳይሆን እንጠረጥራለን። ማሩ ስኳር እንዳይሆን እንቀምሳለን። ይህን ያስተማሩን እናቶቻችን ናቸው። ባዕድ ነገርን የመለየት ሙያ በእጃችን አለ ማለት ነው። ይህ ሙያ ግን ክሬም ፊት ሲደርስ ይቆማል። ክሬሙ ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሽታው ደስ ይላል። አፍንጫም መዳፍም ውስጡን አይነግረንም። ስለዚህ ሌላ መለያ ያስፈልገናል።

ፊት ያቀላሉ ተብለው በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ስቴሮይድ ነው። በብዛት የሚገኘው ክሎቤታሶል የሚባለው ሲሆን፣ ቆዳ ላይ ከሚቀቡ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ወገን ነው። ሐኪም ለከባድ የቆዳ በሽታ ያዘዋል፤ መመሪያው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በተከታታይ እንዳይቀባ፣ ፊት ላይም እንዳይደረግ ይላል። ይህ መድኃኒት የደም ሥርን ያጠባል፣ መቅላትንና ማሳከክን ያጠፋል። ስለዚህ በጥቂት ቀን ውስጥ ፊት የጠራ ይመስላል። ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳው ይሳሳል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከላይ ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፣ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል። ስታቆመው ደግሞ ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ያን ጊዜ ሴቲቱ «ክሬሙን ስተወው ፊቴ ተበላሸ» ብላ እንደገና ትገዛለች። ሻጯም ደንበኛ አገኘሁ ትላለች። ሁለቱም የሚሆነውን አላወቁም። እንዲህ ዓይነት ሰው ካለች ግን በድንገት ከማቆሟ በፊት ሐኪም ታማክር፤ አወጣጡም ሥርዓት አለው።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ ያግደዋል። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጉንጭና ግንባር ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ይወጣል፤ እርሱም በቀላሉ አይለቅም። ይህ ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1975 በደቡብ አፍሪካ ሴቶች ላይ ታይቶ በሕክምና መጽሔት ተጻፈ። አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከውበት ዕቃዎች ከለከለች። ለመቅላት የተቀቡ ሴቶች ጠቁረው ቀሩ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ አባቶቻችን ባዜቃ ይሉታል። ቀለምን ያጠፋል፤ በቆዳ አልፎ ግን ኩላሊትን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ፅንሱ ያልፋል። ክሬሙን የቀባ እጅ ሕፃን ሲያቅፍ፣ ፎጣና ትራስ ሲነካ፣ መርዙ ለቤተሰቡ ይዳረሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት የውበት ዕቃ ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና በንግድ እንዳይዘዋወር ወስኗል። በ2023 ደግሞ አገሮቹ ተሰብስበው ያን መጠን እንኳ አስቀርተው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት የውበት ዕቃ በሙሉ በ2025 እንዲያበቃ ተስማሙ። በገበያ ግን ዛሬም ይገኛል።

ሻጭ ሜርኩሪ አለበት ብላ አትነግራችሁም፤ ማሸጊያው ግን አንዳንድ ጊዜ ሳያስበው ይናገራል። «ወርቅ፣ ብር፣ አሉሚኒየም ወይም ጎማ አታስነኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበት ክሬም ካያችሁ ሜርኩሪ አለበት ብላችሁ ጠርጥሩ። የጣት ቀለበትን የሚያበላሽ ቅባት ለጉንጭ አይሆንም።

እዚህ ላይ ስለ ማድያት አንድ ቃል ልበል፤ ብዙዎቻችን ክሬም የምንፈልገው በእርሱ ምክንያት ነውና። ማድያት በእርግዝና ይመጣል፣ ፀሐይ ያባብሰዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል እንጂ የእኛ ፀሐይ ኃይለኛ ናት። ቆዳውን ያሳሳች ሴት በዚህ ፀሐይ ገበያ ስትውል ማድያቱ ይብስባታል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥላና ነጠላ የማንንም ቆዳ አልጎዱም፤ ዋጋቸውም ከክሬሙ ያንሳል።

ስለ ኩልም እናንሣ። ኩል የአያቶቻችን ነው፤ ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። ይሁንና ኩል ተብሎ የሚፈጨው ድንጋይ አንዳንዱ አንቲሞኒ፣ አንዳንዱ ግን የእርሳስ ማዕድን ነው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ፤ በዓይን አይለዩም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አልተገኘም ይላል። ይበልጥ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል። ስለዚህ ትልልቆቹ የወደድነውን እናድርግ፤ የሕፃናትን ዓይን ግን ከኩል እናሳርፍ።

አሁን ወደ መድኃኒት ልለፍ፤ በመድኃኒትም ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ይኖራልና። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ 70 ያህል ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ጥቅምት 5 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ለሳልና ለጉንፋን በሚሰጡ ሽሮፖች ውስጥ ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል መገኘታቸውን አስታወቀ። እነዚህ በመኪና ራዲያተር ማቀዝቀዣና በመሰል ነገሮች ውስጥ የሚገቡ ፈሳሾች ናቸው። ጣፋጭ ናቸው፣ ርካሽም ናቸው፤ መድኃኒት በሚሟሟበት ንጹሕ ፈሳሽ ቦታ ገቡ። ኢንዶኔዥያና ኡዝቤኪስታን ተጨምረው በሦስቱ አገሮች የሞቱት ከ300 በላይ ሆኑ፤ አብዛኞቹም ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። የጋምቢያ እናት ጠርሙሱን ብታሸት፣ ብትቀምስ፣ ጽሑፉን ብታስነብብ አታገኘውም ነበር። እዚህ ላይ የሚያድነን ሌላ ነው፦ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት መግዛት፣ ደረሰኝ መያዝ፣ ልጁ ሽንቱ ሲቀንስ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ። ማዳበሪያ በሚሸጥበት ሱቅ የሚሸጥ ሽሮፕ ከየት እንደመጣ የሚጠየቅ ሰው የለውም።

ለሪህና ለወገብ የሚሸጠው ያልታወቀ ዱቄትና እንክብልም ከዚሁ ወገን ነው። በሌሎች አገሮች «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው ከተሸጡት ውስጥ ተመርምረው ዴክሳሜታሶንና ዲክሎፌናክ የተገኙባቸው ብዙ ናቸው። በጎረቤታችን ሱዳንም ሙሽሮችን ለማወፈር ዴክሳሜታሶን ሲሰጥ ኖሯል። ይህ ስቴሮይድ ስኳርንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ አጥንትን ያሳሳል። ለዓመታት ያላነሳትን ወገብ በአንድ ሌሊት የሚያነሳ ዱቄት ካገኛችሁ፣ ከመደሰታችሁ በፊት ጠይቁ።

ይህን ስል የባህል መድኃኒታችንን መናቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአንኮበር ወረዳ ብቻ ሰዎች ለሕክምና የሚጠቀሙባቸውን 135 የዕፅዋት ዓይነቶች መዝግቧል። የአገራችን መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ታሳያለች፣ ከየት እንደቆረጠችው ትናገራለች። ይሁን እንጂ ኮሶን አስቡ። የኮሶ ትልን ስንት ዘመን አስወጥቶልናል! ምንም ባዕድ ነገር ሳይገባበት ግን መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ብርሃን ሊያጠፋ እንደሚችል ሐኪሞች ጽፈዋል። ስለዚህ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን መልስ አይሆንም። ምንድን ነው፣ ስንት ይወሰዳል፣ ለማን አይሆንም፤ ሦስቱንም መጠየቅ ነው።

ታዲያ እንዴት እንወቅ? በቤታችን የምንችለውን ልናገር።

አንደኛ፣ የውስጡ ዝርዝር ያልተጻፈበትን ክሬም አትግዙ። ሳሎን ውስጥ ተቀላቅሎ በሌላ ዕቃ የተገለበጠውን በተለይ አትንኩ።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉን አስነብቡ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ በባዕድ ቋንቋም ነው፤ በየቤታችን ግን ሁለተኛ ደረጃ የደረሰች ልጅ አለች። የምትፈልገውን ስም ንገሯት፦ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ፣ ካሎሜል። ካሎሜል የሜርኩሪ ውሕድ ነው። ለፀጉር ቀለምና ለጥቁር ሂና ደግሞ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚለውን ትፈልግ፤ ቆዳና የራስ ቅል የሚያሳብጥባቸው ሰዎች አሉ።

ሦስተኛ፣ ፍጥነቱን ተጠራጠሩ። በሳምንት ፊት የሚያቀላ፣ በሰዓት ሪህ የሚያጠፋ ነገር በውስጡ ኃይለኛ መድኃኒት ሳይኖረው አይቀርም።

አራተኛ፣ ጉዳት ሲደርስ ዕቃውን አትጣሉ። ባዶውንም ቢሆን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሐኪሙ ከእርሱ ያነባል። በከተማችን ደግሞ የደብረ ብርሃን ሆስፒታልና ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አሉልን።

አምስተኛ፣ ንገሩ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብና መድኃኒትን ብቻ ሳይሆን የውበት መጠበቂያንም በቁጥጥር ሥር አድርጓል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ቅርባችን ነው። መናገር ጎረቤትን መክሰስ አይደለም፤ ሻጯም ብዙ ጊዜ ከአስመጪው የተሰጣትን እንጂ ውስጡን አታውቅም።

አሁን ወደ ብድሩ ልመለስ። አንዳንዶቻችሁ «ይህን ከከለከልን እኅቶቻችን ምን ይሸጣሉ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። የሚያቀላ ክሬም ቶሎ ይሸጣል፣ ትርፉም ጥሩ ነው። ጥር እየቀረበ ነው፤ ሙሽሮችም ሚዜዎችም ይመጣሉ። ሆኖም ገዢዎቹ እነማን ናቸው? የእኛው ልጆች፣ የእኛው ምራቶች ናቸው። በአንድ እጃችን ቁጠባ ሰብስበን በሌላው ለሕክምና እንድንበትነው አልተሰባሰብንም። ስለዚህ ኮሚቴው ሦስቱም ብድሮች እንዲፈቀዱ ያቀርባል፤ ከዚህ ስምምነት ጋር፦ ከማኅበሩ በተገኘ ገንዘብ የውስጡ ዝርዝር ያልተጻፈበት ዕቃ እንዳይገዛ፣ የጠራኋቸው ስሞች ያሉበትም እንዳይገዛ። በምትኩ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ዕቃ፣ ማበጠሪያና ጌጣጌጥ ይኑር። ብድሩ ለጀማሪዎቹ እንዳይከብድ የመጀመሪያው ወር ክፍያ በሁለት ሳምንት እንዲራዘም ጠይቀናል።

የምትደግፉን ወዳጆቻችንን ደግሞ ትንሽ ነገር እንለምናለን። እነዚህ ስሞች በማሸጊያው ላይ በሚታዩበት ፊደል በትልቁ ታትመው በስብሰባ ቤታችንና በጎረቤላ ይለጠፉ። ከእያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን ጋርም አንድ አጉሊ መነጽር ይኑር፤ የማሸጊያ ጽሑፍ ለእናቶቻችን ዓይን አይታይምና።

ውሳኔው የእናንተ ነው። የማይስማማ ሐሳብ ያላት እኅት ካለች ከድምፁ በፊት ብትናገር ሁላችንም እንማራለን።