የጁሪ መጥሪያ ሲመጣ
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



የጁሪ መጥሪያን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብረን የምንጥል ብዙዎች ነን። አይጣል! እዚህ ሜሪላንድ ስማችን የሚወጣው ከመራጮችና ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ስለሆነ፣ ዜግነት ያላገኘውም ሊደርሰው ይችላል፤ እሱም «ዜጋ አይደለሁም» ብሎ ይመልስ እንጂ ዝም አይበል።

እኛ ስንጠራ የፈራነው እንግሊዝኛችንን ነበር። ሆኖም ተመርጠን ከ12ቱ አንዱ ሆንን። ጉዳዩ የተሰረቀ ዕቃ ነው፤ ተከሳሹ ገና ወጣት። ዳኛዋ ሕጉን ሲያስረዱ «ይዞ መገኘት» የሚለው ላይ ግራ ገባን። ዕቃው የተገኘው ልጁ በተሳፈረበት የሰው መኪና ውስጥ ነዋ! ለመጠየቅ ግን አፈርን። ለምክክር ገብተን፣ በሩ ተዘግቶ፣ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ነው «አልገባንም» ያልነው። ለካስ ሌሎቹም አልገባቸውም ኖሯል! ጥያቄውን በወረቀት ጽፈን ለዳኛዋ ላክን፤ መልሱ እስኪመጣ ቡናው ቀዘቀዘ (የነሱ ቡና ቢሞቅም ያው ነው)።

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መሆን አለበትና ሁለት ቀን ፈጀብን። በአንዱ ክስ ጥፋተኛ፣ በሌላው ነፃ አልነው። ስንወጣ እናቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ቀና ብለን ልናያቸው አልቻልንም።