ከተጣለ ኮምፒዩተር ስለሚገኝ ብርቱ ማግኔት



ማግኔት ለሳይንስ ትምህርት እጅግ የሚያስፈልግ ሲሆን በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት አይገኝም። ነገር ግን ሥራውን ፈጽሞ በተጣለ ኮምፒዩተር ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። እንዲህ ያለው አሮጌ ዕቃ በአዲስ አበባ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሲፈታ ይውላል። ኮምፒዩተሩ ጽሑፍ የሚያከማችበት ሀርድ ዲስክ የተባለው ክፍል በኮከብ ራስ ካቻቢቴ ተፈትቶ ክዳኑ ሲነሣ፥ እንደ መስተዋት በሚያበራው ክብ ዝርግ አጠገብ፥ በማዕዘኑ፥ በብረት ሰሌዳ ላይ የተጣበቀ ማግኔት ይታያል። አስቀድሞ ግን የባለቤቱ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ከተከፈተ በኋላ በውስጡ የተጻፈውን መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነውና። በአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ያለው የማይሽከረከር ማከማቻ ይህ ማግኔት የለበትም፤ በዚህ ነገር አሮጌው ይበልጣል።

ማግኔቱ ከኒዮዲሚየም፥ ከብረትና ከቦሮን የተሠራ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1982 ዓመት ወዲህ ማሳቶ ሳጋዋ በጃፓን፥ ጆን ክሮት በአሜሪካ፥ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሠርተው አሳዩት። በአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ከሚገኘው ጥቁር ማግኔት ይልቅ መጠኑ ትንሽ፥ ኀይሉ ብዙ ነው። ገና የሚናገር ራዲዮ ግን ስለ ማግኔቱ አይፍረስ።

ከብረት ሰሌዳው ባይለይ ይመረጣል። በእሳት አሙቆ ማላቀቅ ስሕተት ነው፤ ተራው ዐይነት ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ኀይሉ ይጐድላል። አይሞረድም፤ ብናኙ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ሁለቱ በድንገት ሲጋጠሙ ጣት ይጨምቃሉ፥ እንደ ሸክላም ተሰብረው ዐይን ይጐዳሉ፤ ስለዚህ በመካከላቸው እንጨት ይግባ። የማይክሮዌቭ ምድጃ ማግኔት አለው ተብሎ አይፈታ፤ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የሚቈየው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል።

ከሁሉ የሚከፋው ሕፃን ሲውጠው ነው። የሚዋጡትም ከጆሮ ማዳመጫ የሚወጡት ትንንሾቹና ስባሪዎቹ ናቸው። ሁለት ቢዋጡ፥ በአንጀት እጥፋት ወዲያና ወዲህ ሆነው ይሳሳባሉ፤ በመካከል የተያዘው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፥ አንጀቱም ይበሳል። ሕመሙ በመጀመሪያ ተራ የሆድ ቁርጠት ሊመስል ይችላል፤ ያልፍለታል ብሎ መጠበቅ፥ ኮሶም ማጠጣት አይገባም፤ ሕፃኑ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። መምህሩም ማግኔቱን ቈጥሮ ያውጣ፥ ቈጥሮ ያስገባ፥ ቈልፎም ያኑር።

የሀርድ ዲስክ ማግኔት የአንዱ ፊት ግማሹ ሰሜን፥ ግማሹ ደቡብ ስለ ሆነ፥ በክር ቢንጠለጠል አቅጣጫን በደንብ አያሳይም። ነገር ግን መርፌ በአንደኛው ግማሽ ብቻ፥ ከዐይኗ ወደ ጫፏ፥ 20 ጊዜ ያህል ብትታሽና በደረቅ ቅጠል ላይ ሆና በሸክላ ወጭት ውሃ ላይ ብትንሳፈፍ፥ ሰሜንና ደቡብ ትቆማለች። ሰሜኑ የትኛው ጫፍ እንደ ሆነ ልጆቹ ቢከራከሩ የፀሐይን መውጫ አይተው ይፍረዱ። ማግኔቱ ግን ከወጭቱ ይራቅ፤ አለዚያ መርፌዋ ወደ እርሱ ትዞራለች።