የእሳት ራት ስም እንዴት ይወጣለታል?

(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተፈጥሮ ጥናት ክበብ አባላት ያነበቡት ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን ክበባችን ንግግር እንዲያደርግ በተፈቀደለት ጊዜ፣ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ አንበሳ የምንናገር የመሰላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኛ ግን የመረጥነው በኦቶና ዝናብ ባባራ ማታ በየበረንዳው አምፑል ዙሪያ የምትዞረውን፣ ሲነጋም በመጥረጊያ ተጠርጋ የምትጣለውን የእሳት ራትን ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ከበቆሎአችን ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

አማርኛ ለዚህች ፍጥረት ያወጣላት ስም ራሱ አንድ ሐተታ ነው። ወደ ነበልባል በርራ ገብታ የእሳቱ ራት ስለምትሆን የእሳት ራት ተባለች። ልብስ የሚበላውን ትንሹን ወገኗን ብል፣ ሣርና እህል የሚፈጀውን ተምች፣ በበቆሎና በማሽላ አገዳ ውስጥ ገብቶ የሚቦረቡረውን አገዳ ቆርቁር እንለዋለን። ተምችና አገዳ ቆርቁር ትሎች አይደሉም ወይ የሚል ቢኖር፣ አዎን ትሎች ናቸው፤ ነገር ግን ትል ሆነው አይቀሩም። በልተው ከጠገቡ በኋላ ቅርፊት ለብሰው ይተኙና ክንፍ አውጥተው የእሳት ራት ይሆናሉ። እንግዲህ ቀን በማሳው ላይ የረገምነውን ፍጥረት፣ ማታ በመብራት ሥር ስናየው ምስኪን እያልን እናዝንለታለን ማለት ነው።

የሳይንስ ሊቃውንት ቢራቢሮንና የእሳት ራትን በአንድ ክፍል መድበው ሌፒዶፕቴራ ይሉታል፤ በግሪክ ቋንቋ ቅርፊታም ክንፍ ማለት ነው። ክንፏን ስንነካ በጣታችን ላይ የሚቀረው ዱቄት እንደ ጣራ ክዳን ተደራርቦ የተቀመጠ ጥቃቅን ቅርፊት ነው። እስካሁን ስም የወጣላቸው የዚህ ክፍል ዝርያዎች ወደ 160,000 ይጠጋሉ፤ ከእነዚህም ቢራቢሮዎቹ 20,000 እንኳ አይሞሉም፤ የቀሩት ሁሉ የእሳት ራቶች ናቸው። ይህም ሆኖ ገና ስም ያላገኙት ብዙ ናቸው፤ የሚበዙትም እንደ አገራችን ባሉ ሞቃት አገሮች ነው።

አዲስ ዝርያ ተገኘ ሲባል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፍጥረቱ በዚያን ዕለት ተፈጠረ ማለት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ማንም አላየውም ማለትም አይደለም። የእሳት ራት ባይሆንም ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በደቡብ የእንሰት ገበሬዎች ከእንሰቱ ሥር ተጣብቆ ምግቡን እየመጠጠ ተክሉን የሚያደርቀውን፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለውን ተባይ ሊቃውንቱ ስም ሳያወጡለት በፊት ያውቁት ነበር። ሳይንስ ግን ካታኤኖኮከስ ኤንሴቴ ብሎ ስም ያወጣለት በ1999 ነው፤ ስም አውጪዎቹም ዊሊያምስና ማቲል ፌሬሮ የተባሉ ሊቃውንት ናቸው። ታዲያ ገበሬው አስቀድሞ ካወቀው የሊቃውንቱ ሥራ ምን ጥቅም ሰጠ? የሰጠው ጥቅም፣ ያን ተባይ ከቶ አይቶት የማያውቅ ሰው በሌላ አገር፣ በሌላም ዘመን ቢያገኘው «ይህ ያ ነው» ወይም «ይህ ያ አይደለም» ለማለት እንዲችል ነው። የዝርያ ገለጻ የሚባለው ሥራ በሙሉ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር በእርግጠኛነት ለማለት የሚደረግ ድካም ነው።

አሁን ደግሞ ድካሙ እንዴት እንደ ሆነ እናሳያችሁ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነጭ አንሶላ ይዘረጋና ብርቱ መብራት ይደረግበታል። መጥተው የሚያርፉት የእሳት ራቶች በጠርሙስ ተይዘው ከሞቱ በኋላ ደረታቸው በቀጭን መርፌ ይወጋል፤ ክንፋቸው ሳይደርቅ ተዘርግቶ ይያዛል። ከዚያ በኋላ በመርፌው ሥር አንዲት ትንሽ ወረቀት ትሰካለች፤ የተገኘበት ቦታ፣ የቦታው ከፍታ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፍባታል። ይህች ወረቀት ከክንፉ ይልቅ የከበረች ናት። ወረቀት የሌለው ናሙና፣ ክንፉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለግድግዳ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማመሳከር ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። አጥኚው የእጁን ናሙና ከዘመዶቹ ሁሉ ጋራ ማስተያየት አለበት፤ ከመቶ ዓመት በፊት በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ገለጻ ቢኖር እርሱንም ፈልጎ ማንበብ ይገባዋል። አለዚያ ቀድሞ ስም ለወጣለት ፍጥረት ሁለተኛ ስም ያወጣለታል። በክንፍ ቀለም ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ክንፍ ያረጃል፣ ይደበዝዛል፣ የወንዱና የሴቷም ቀለም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ስለዚህ፣ በአባቶችና በእናቶች ፊት ለመናገር ትንሽ ብናፍርም፣ ሊቃውንቱ የሆድ ዕቃዋን ጫፍ ቆርጠው በፖታሽ ውኃ ካጸዱ በኋላ የመራቢያ አካሏን ጠንካራ ክፍል በማይክሮስኮፕ ይመለከታሉ። በመልክ መንታ የሚመስሉ ሁለት ዝርያዎች በዚህ አካል ግልጥ ሆነው የሚለዩበት ጊዜ ብዙ ነው። ከ2003 ወዲህ ደግሞ ፖል ሔበርት የተባሉት የካናዳ ሊቅ ባቀረቡት ዘዴ ከአንድ የነፍሳቱ እግር የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ ወስዶ 658 ፊደሎቹን ማንበብ ተለምዷል። ይህ ዘዴ ሥራውን አፋጠነው እንጂ መርፌውንና ወረቀቷን አላስቀረም።

ልዩነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ገለጻው ይጻፋል፤ ከራስ ጀምሮ አንቴናው፣ ደረቱ፣ ክንፉ፣ እግሩ፣ ሆዱ በተራ ይነገራል፤ ከቅርብ ዘመዱ በምን እንደሚለይም ተለይቶ ይጻፋል። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔየስ በ1758 ባወጣው መጽሐፍ እንደ ሠራው ሁለት ቃል ያለው ስም ይሰጠዋል፤ የፊተኛው የወገኑ፣ የኋለኛው የራሱ ነው። ሰው የአባቱን ስም አስከትሎ ሲጠራ እርሱ የወገኑን አስቀድሞ ይጠራል ማለት ነው። ስሙ ከቦታ፣ ከመልክ ወይም ከሚከበር ሰው ሊወሰድ ይችላል። ለምሳሌ ሩዦ የተባሉት የፓሪስ ሙዚየም ሊቅ ከ1973 እስከ 1975 በአገራችን እየተዘዋወሩ የእሳት ራቶችን ሰብስበው ነበር፤ ላፖርት የተባሉትም አጥኚ በ1974 አንዱን ወገን በእርሳቸው ስም ሩዦቲያ ብለውታል። በራስ ስም መሰየም ግን በሕግ ባይከለከልም ነውር ነው።

ከናሙናዎቹም አንዱ ተለይቶ የስሙ ምስክር ይደረጋል፤ ሆሎታይፕ ይባላል። ክርክር በተነሣ ጊዜ ሁሉ ዳኛው እርሱ ነው። ከ2000 ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፣ ሆሎታይፑ ተለይቶ ካልተጠቀሰና የሚቀመጥበት ስፍራ ካልተነገረ የአዲሱ ዝርያ ስም አይጸናም።

ይህን ሁሉ ያተትነው አለ ምክንያት አይደለም። ጆን አቦት የሚባል እንግሊዛዊ በአሜሪካ በጆርጂያ አገር ተቀምጦ ትሎችን እያሳደገ፣ ከትልነታቸው እስከ ክንፋቸው ድረስ በቀለም ይሥላቸው ነበር። ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ የተባለ ሊቅ ከአቦት ሥዕልና ማስታወሻ ተነሥቶ በ1797 በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ አንዱን የእሳት ራት ፍሩጂፔርዳ ብሎ ሰየመው፤ ፍሬ አጥፊ እንደ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ስም ለወላይታ ገበሬ ምን ያደርግለት ነበር? ምንም። ነገር ግን በ2016 ይኸው ፍጥረት ባሕር ተሻግሮ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ በበቆሎ ላይ ታየ። ሊቃውንቱ አካሉን በማይክሮስኮፕ፣ ዲ.ኤን.ኤ.ውንም በላቦራቶሪ አመሳክረው እርሱ ራሱ መሆኑን አረጋገጡ። በ2017 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም.፣ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ በኩል ወደ አገራችን መግባቱ ታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የወላይታን በቆሎ ጨምሮ ሰፊውን የአገራችንን ክፍል አዳረሰ። የእሳት ራቷ ነፋስ ካገዛት በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር መብረር ትችላለችና ፍጥነቱ አያስደንቅም። ሕዝቡም መጤ ተምች አለው።

አንባቢው ልብ እንዲልልን የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው ተምች ከአባቶቻችን ጀምሮ የታወቀ ነው። በዝናብ መግቢያ እንደ ጦር ሠራዊት ይመጣል፤ በግልጥ ቅጠል ላይ ይበላል፤ ከዚያም ክንፍ አውጥቶ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። መጤው ግን አይሄድም። ሙቀትና በቆሎ እስካገኘ ድረስ በወር ገደማ አንድ ትውልድ እየተካ ዓመቱን ሁሉ ይቀመጣል፤ አንዲቷ እናት እስከ 1,500 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ትሉም ካደገ በኋላ ወደ በቆሎው እምብርት ገብቶ በራሱ ኩስ ደጁን ይደፍናል፤ ስለዚህ በላይ በላዩ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም። ከ350 የሚበልጡ ዕፅዋት እንደሚበላም ተጽፏል። የለመድነው ተምች ነው፣ ያልፋል ብሎ የጠበቀ ገበሬ በቆሎውን አጥቷል፤ ከእነርሱ መካከል በዚህ አዳራሽ የተቀመጡም አይጠፉም። ማነቱን ዐውቆ በየጠዋቱ ትሉን በእጁ እየለቀመ የጨፈለቀው ግን ጥቂትም ቢሆን ያተረፈው ነበረ።

መለያውም እነሆ። በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለው፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም፣ የቀድሞውም ተምች ደብዘዝ ያለ ቢኖረው ነው። ወደ ጅራቱ ተጠግቶ፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው የገላ ክፍል ላይ፣ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ አራት ትልልቅ ጥቁር ነጥቦችን ተመልከቱ። እነዚህን ካያችሁ መጤው ነው።

በዚያው በ2017 አንድ ሌላ ነገር ሆነ፤ እኛንም እጅግ ያስደሰተን ይህ ነው። ናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ጥናት ማዕከል ኢሲፔ የሚያጠናት አንዲት ደቃቅ ጥቁር ተርብ አዲስ ዝርያ መሆኗ ታውቆ ኮቴሲያ ኢሲፔ ተብላ ተሰየመች። ይህች ተርብ እንቁላሏን በተምች ወገን ትሎች ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿም ትሉን ከውስጥ ይበሉታል። ወዲያውም በ2018 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በኢትዮጵያ ማሳዎች መጤውን ተምች ከሚያጠቁት ጥገኛ ነፍሳት ዋናዋ ይህችው ተርብ ሆና ተገኘች፤ እንደየቦታው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት ትሎች በእርሷ ተይዘው ነበር። ገለጻዋ ከጥቂት ጊዜ በፊት ባይጻፍ ኖሮ፣ አጥኚዎቹ ያገኟትን ተርብ በእርግጥ በስሟ ሊጠሯት ባልቻሉም ነበር። አለ ልክ የሚረጭ መድኃኒት እርሷንም እንደሚገድላት መቼም ሳንናገረው አይታለፍም።

ወላይታ ከአባያ ሐይቅ ቆላ፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ተነሥቶ እስከ ዳሞታ ተራራ ራስ፣ ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል። በዚህ መካከል የሚኖሩት የእሳት ራቶች ከቆላው እስከ ደጋው አንድ ዐይነት እንዳልሆኑ ግልጥ ነው፤ በዳሞታ ላይ የቀረው የአገር በቀል ዛፍ ደግሞ ጥቂት ነው። ዛፉ ከተቆረጠ በቅጠሉ የሚያድገው ትልም ስም ሳይወጣለት ይጠፋል። ከአገራችን የተሰበሰቡት የብዙ የእሳት ራቶች ሆሎታይፖች በለንደንና በፓሪስ ሙዚየሞች ይገኛሉ። እነርሱ ጠብቀው ስላኖሯቸው እናመሰግናለን፤ ቢሆንም የሶዶ ተማሪ የራሱን አገር ፍጥረት ለማመሳከር ባሕር መሻገር የሚያስፈልገው መሆኑ ደግ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ እዚሁ ደጃችንም የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ ተቋቁሟል። ሰብሳቢ ቢኖር ማስቀመጫ አይታጣም።

እኛም በክበባችን ጥቂት ጀምረናል። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሳጥኖቻችን ስለ ተከፈቱ እየመጣችሁ እንድትመለከቱ እንለምናለን። በአንደኛው ሳጥን ውስጥ ከስኳር ድንች ቅጠል ላይ ትሏን አንሥተን ያሳደግናት፣ ሊኔየስ ራሱ በ1758 የሰየማት ትልቋ የእሳት ራት አለች፤ ትሏ በጅራቱ ላይ ቀንድ ያለው ነው። በሌላው ሳጥን ያሉት ግን እኛም መምህራችንም ስማቸውን ያላገኘንላቸው ናቸው። በጓሮአችሁ ቅጠል የሚበላ እንግዳ ትል ብታገኙ አትጨፍልቁት፤ ከሚበላው ቅጠል ጋራ ክዳኑ በተበሳሳ ጠርሙስ አድርጋችሁ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። ከየትኛው ቀበሌ፣ ከምን ተክል ላይ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተገኘ በወረቀት መጻፉን አደራ።